ጓሳ ላይ አይጥ ስቆጥር

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የመረጥኩት አይጥ ነው። እናቴ "መንዝ ድረስ የምትሄደው ለአይጥ ነው?" ብላ ደነገጠች። እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አንብቤ ነበር። ቀይ ቀበሮ መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ሣር ምድር ላይ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሃል ሆና አይጥ ስታድን 67 በመቶው ሙከራዋ ይሳካል። ብቻዋን ስታድን ግን 25 በመቶው ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቀበሮዋና ስለ ጭላዳው ያወራል። እኔ የሁሉም ነገር መነሻ አይጡ መሰለኝ። በዓለም ላይ ቁጥሯ 500 የማይሞላው ቀበሮ የምትኖረው በእሱ ነው።

ፕሮፖዛሌ በወረቀት ላይ ያምር ነበር። 49 ወጥመድ፣ 7 በ7 ረድፍ፣ በመካከላቸው 10 ሜትር። መሳቢያ የሚመስሉ የቆርቆሮ ሣጥኖች ናቸው። አይጡ ሲገባ በሩ ይዘጋበታል እንጂ አይገድለውም። ማባበያው ምግብ በለውዝ ቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። ማታ አጥምዶ ጠዋት መሰብሰብ፤ መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያዋን ማታ ኅዳር ላይ አጠመድኩ። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳር ውርጩ አጥንት ይገባል። በባና ተጠቅልዬ አደርኩና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከ49ኙ አምስቱ ብቻ ይዘዋል። አምስቱም ደርቀው ሞተዋል። ቆርቆሮው በረዶ ሆኖ ነበር። ላጠና የመጣሁትን እንስሳ ራሴ ገደልኩት። ያን ቀን ምንም አልሠራሁም።

ከብት ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት አይተውኝ ቀረቡ። ነገርኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ አይጡ በዚህ ብርድ ሌሊት ምን ሊሠራ ይወጣል? ፀሐይ ሣሩን ስትመታው ና።"

በማግሥቱ አብረን ወጣን። ፀሐይ ሞቅ ሲል መሬቱ ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። የጓሳ ሣር አይጥ የቀን እንስሳ ነው። ቀይ ቀበሮም በቀን የምታድነው ለዚህ ነው። ይኼን በጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ ወጥመዱን ስዘረጋ ግን አላሰብኩትም። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ሲወጣ እከፍታለሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ እዞራለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። በሌሊት የሚወጡትን አይጦች ለማየት የምከፍተው ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ ያኔም በየሣጥኑ ጥጥና ደረቅ የጓሳ ሣር እጨምራለሁ፣ ጎህ ሲቀድ እደርሳለሁ። ከዚያ ወዲህ በብርድ የሞተብኝ አንድ ብቻ ነው።

ሌላው ችግሬ ልጆች ነበሩ። ሁለት ወጥመድ ጠፋ። ተናደድኩ፣ ኋላ ግን ለእረኞቹ አሠራሩን አሳየኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተመለሱ። ልጆቹ የትኛው ጉድጓድ ሰው እንዳለበት (እነሱ "ሰው" ነው የሚሉት) ከሩቅ ያውቃሉ። ቦታ ስመርጥ በእነሱ ዓይን መሄድ ጀመርኩ።

ደግሞ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ጉም ሲወርድ አንድ ሙሉ ገጽ ዳታ ታጠበብኝ። እርሳስ ይሻላል።

ገበሬዎቹ ግን የጠየቁኝ ሌላ ነበር። "ቆጥረህ ምን ታደርግልናለህ? ገብሳችንን የሚበላው እሱ አይደል?" መልስ አልነበረኝም። አማካሪዬን አስፈቅጄ ስድስት ቀን ገብስ ማሳው ጥግ ላይም አጠመድኩ። ፕሮፖዛሌን ከመጻፌ በፊት መጥቼ ብጠይቃቸው ኖሮ ያ ሥራ የጥናቴ ግማሽ ይሆን ነበር። እነዚህ ሰዎች እኮ ሣሩን ቀሮ በሚባለው የጋራ መጠበቂያ ሥርዓታቸው ለዘመናት ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ካፈረሰው በኋላም ጥበቃውን ራሳቸው መልሰው አቋቁመዋል። ለክዳንም ለገመድም ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ሲናገሩ እኔ ማስታወሻ መያዝ ነበረብኝ።

ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩ። አዛውንቱ ማንበብ አይችሉም። የልጅ ልጃቸው ገጹን ስትገላልጥ "ፀሐይ የምትመታበትን ሰዓት ጽፎታል?" አሏት። ገጹን አሳየኋት። ጮክ ብላ አነበበችላቸው።