ላሪ ጥፋቱን የወሰደበት ፊልም

«ናይት አት ዘ ሚውዚየም» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የቤተሰብ ኮሜዲ ፊልም ሦስተኛና ማጠቃለያ ክፍሉ በ2014 መጨረሻ ሲወጣ፣ በዋሽንግተን አካባቢ በሙዚየም የሌሊት ጥበቃ የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ከፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ከሙዚየሙ የሌሊት ጥበቃ የተወሰደውን «ላሪ» የሚለውን ቅጽል ስም ከለመድነው ቆይተን ነበር። ይህን ክፍል የማልረሳው ግን ሱፐርቫይዘራችን በዓመታዊው ሥልጠና ላይ ስላሳየን፣ ይልቁንም በምን ሰሞን ስላሳየን ነው።

ከሥልጠናው ቀደም ብሎ አንድ ሌሊት፣ ከልጆች ዝግጅት የተረፈ የሂሊየም ፊኛ በአንዱ አዳራሽ ጣሪያ ሥር እየተንሳፈፈ የእንቅስቃሴ ጠቋሚውን ያለማቋረጥ ያስጮኸው ነበር። መሰላሉ የቀን ሠራተኞች በቆለፉት ክፍል ውስጥ ስለነበር ሱፐርቫይዘሩ በሬዲዮ «አዳራሹን ባይፓስ አድርጉት» አለ፤ የአዳራሹን አላርም ለጊዜው አጥፉት ማለቱ ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ የነበሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን እንደታዘዙት አደረጉ፤ እኔም በመዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፌ «በሱፐርቫይዘሩ ትእዛዝ» የሚል ጨመርኩበት። አዳራሹ ያለ አላርም ማደሩ ጠዋት ሲታወቅ ከበላይ የማብራሪያ ጥያቄ መጣ። ሱፐርቫይዘሩ እነዚያን ሁለት ቃላት ትቼ መስመሩን እንደገና እንድጽፈው ጠየቀኝ፤ በመዝገብ የሰፈረ ነገር እንደማይፋቅ ያስተማረን እሱ ራሱ መሆኑን አስታውሼው አለፍኩ።

ፊልሙን ያየነው እንግዲህ ይህ ነገር እልባት ሳያገኝ ነው። የሙዚየሙን ቅርሶች በየሌሊቱ ሕይወት እየሰጠ የሚያንቀሳቅሳቸው የፈርዖኑ ጽላት አረንጓዴ ዝገት ይዞት ኃይሉን ማጣት ሲጀምር፣ በኒው ዮርኩ ሙዚየም የፕላኔታሪየም ድግስ ላይ የተነሡት ቅርሶች እንግዶቹን ያስደነግጣሉ፤ ዳይሬክተሩ ዶክተር ማክፊ ከሥራ ይባረራል፤ ላሪም መፍትሔ ፍለጋ ለንደን ወዳለው ብሪቲሽ ሙዚየም ይሄዳል። ጋሼ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዓይናቸው ያረፈው ዲክ ቫን ዳይክ፣ ሚኪ ሩኒና ቢል ኮብስ በሚጫወቷቸው ሦስት ጡረተኛ ጥበቃዎች ላይ ነበር። በመጨረሻ ላሪ የዚያን ምሽት ጥፋት በራሱ ላይ ማድረጉ ወደተገለጠበት ቦታ ስንደርስ ሱፐርቫይዘሩ ፊልሙን አቆመው።

«አያችሁ? የሥራ ባልደረባ ማለት ይህ ነው። ክርክር አላነሳም፣ ወረቀት አልጠቀሰም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለና ጨረሰ» አለ፤ ሲናገር ከእኔ ሌላ ሰው አያይም ነበር።

«ላሪ ከዚያ በኋላ በሙዚየሙ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይሠራም።»

«ማክፊስ?»

«እሱ ወደ ቦታው ተመልሷል» አለና ጥቂት ካሰበ በኋላ ፊልሙን አስቀጠለ።

እዚያ ላይ ያልተናገርኩትና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ማክፊ ቅርሶቹ የሚንቀሳቀሱት በሰው በተቀናበረ የትርዒት ጥበብ ይመስለው ስለነበር ስለ ጽላቱ በእርግጥም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የእኛው አለቃ ግን ትእዛዙን በገዛ አንደበቱ የሰጠ ሰው ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በዚያው ዓመት ለሞቱት ለሮቢን ዊሊያምስና ለሚኪ ሩኒ የተጻፈው መታሰቢያ በመውጣቱ፣ የቤቱ ስሜት ለክርክር የሚመች አልሆነም።

በማግሥቱ ጋሼ ማንም ሳያስገድዳቸው «ባይፓስ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ ማብራቱን ዘነጋሁ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ቅጣታቸውም ከሌሊቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ተነሥተው በቀን ፈረቃ ዋናው በር ላይ እንዲቆሙ ሆነ፤ የቀን ፈረቃ ደግሞ ለዓመታት ማመልከቻ ሲያስገቡበት የኖሩት ነገር ነበር። እኔ ይህን ሳላገናዝብ በንዴት ሄድኩባቸው።

«ጋሼ፣ ምነው? መዝገቡ እኮ እውነቱን ይዞታል።»

«ልጄ፣ መዝገብ እውነት ይይዛል እንጂ ፈረቃ አይደለድልም» አሉኝ። «ደግሞስ ላሪ መጨረሻው ምን ሆነ? አስተማሪ። አስተማሪ ሌሊት ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ?»

ሱፐርቫይዘሩ ጋሼን ያሳመናቸው ፊልሙ እንደሆነ ከልቡ ስለሚያምን፣ አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ እያቆመ ያሳያል። እኔም በሌሊቱ ፈረቃ እንዳለሁ አለሁ፤ ትእዛዝ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር የሰጪውን ስም አስቀድሜ እጽፋለሁ።