አርባ ዶቃ ስበሳ

ቶርኖዬ፣ ብረት እያዞረች የምታስቆርጠኝ ማሽኔ፣ አጠገብ አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አለች። ባለፈው ጥር መጀመሪያ ላይ ውስጧ 23 የተበላሹ የብር ዶቃዎች ነበሩ። አንዱ ላይ ፑንታው፣ መሰርሰሪያው ማለቴ ነው፣ በመሃል ገብቶ በጎን ወጥቷል። ሌላው ላይ ገና ከመነሻው ሸርተት ብሎ ጉንጩን ጭሮታል። ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይለኛል። "ደብተሬ ነው" ብዬ አልፈዋለሁ።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከአጎቴ ጋር። እሳቸው የድሮ አንጥረኛ ናቸው። መስቀሉንም ቀለበቱንም የጆሮ ጌጡንም በመዶሻና በሞረድ ነው የሚሠሩት። ቶርኖዋን ያመጣኋት እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ሠሪ ሥራ ሲያቆሙ ከነአቧራዋ ሸጡልኝ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽዬ ናት፤ ርዝመቷ ከክንዴ አይበልጥም። ሞተሯ የልብስ ስፌት ማሽን ሞተር ነው። ፔዳሉን ጫን ሲሉት ትፈጥናለች፣ ለቀቅ ሲሉት ትረጋጋለች። ኮሌት የሚባሉ ጫፋቸው የተሰነጠቀ መያዣዎች አሏት። ቁጥር 20 የሚለው 2 ሚሊ ዘንግ ይይዛል፣ ቁጥር 30 የሚለው 3 ሚሊ። ሙሉ ስብስቡ ብዙ ነው፤ እኔ ጋ የደረሱት ግን ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው የጀመረው ከዚህ ነው።

ሥራው የመጣው ከአማኑኤል ከተማ ነው። አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ድሪ ሊያሠሩ መጡ። "ውስጡ ባዶ ዶቃ አልፈልግም፤ ይጨረማመታል። ድፍን ይሁንልኝ" አሉ። 40 ፍሬ፣ እያንዳንዱ 4 ሚሊ። ከመቀነታቸው አንድ ጠገራ ብር ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እዚያው ሒሳቡን ሠራሁ። ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 83 ከመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ባለ 4 ሚሊ ድብልብል አንዱ 0.34 ግራም አካባቢ ይሆናል። 40ው ተደምሮ 14 ግራም አይሞላም። "ግማሹን ባበላሽ እንኳ ይበቃኛል" ብዬ ቀለድኩ። ቀልዱ ቁም ነገር ሆኖ ቁጭ አለ።

መደብለቡስ ቀላል ነው። እኩል እኩል የተቆረጠ ሽቦ ከሰል ላይ አስቀምጦ እሳት መስጠት ነው። ብሩ ሲቀልጥ ራሱን ሰብስቦ ይድቦለቦላል። እንዲህ ተለቅ ሲል ግን ከታች በኩል ጠፍጠፍ ይላል። እኔ ሞኙ ይህን ጠፍጣፋ እንደ ሲሳይ አየሁት። ፑንታው የሚቆምበት ሜዳ አገኘሁ አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ዶቃዎች በኮሌት ያዝኳቸው። ቁጥር 40 የለኝም፤ 42 ነበረኝ። አጠበቅሁት። ኮሌት ከልኩ 0.1 ሚሊ እንኳ ሲርቅ ደስ አይለውም፤ እኔ ደግሞ 0.2 አራቅሁት። በዚያ ላይ ዶቃ ድብልብል ነው። ኮሌቱ የሚነካው በቀጭን ክብ መስመር ብቻ ስለሆነ ፑንታው ገፋ ሲያደርገው እውስጡ ዞር ይላል። ያ ሲሳይ ያልኩት ጠፍጣፋም ሁልጊዜ ትንሽ አጋድሎ ነው የሚመጣው። ፑንታው ቁልቁለት እንዳገኘ ውሃ ወደ ጎን ይወርዳል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። አጎቴ ከወዲያ ማዶ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ የሚበሳው ማን ነው? አንተ ነህ ማሽኑ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥፋቱን በፑንታው አላከክሁ። አዲስ ገዛሁ። ያው ሆነ። ከዚያ የኋላውን ራስ ጠረጠርኩ፤ ፑንታው የሚታሰርበትን ማለቴ ነው። የፊቱ ራስ ላይ፣ ኮሌቱ በሚታሰርበት፣ ሹል ዘንግ አስሬ ፑንታውን ጫፍ ለጫፍ አገጣጠምኳቸው። አልተገናኙም። የኋላውን ራስ አንስቼ ሥሩን በጣቴ ስዳብሰው አንዲት የብር ፍርፋሪ ተለጥፋበታለች። ከጤፍ አትበልጥም። እሷ ናት ራሱን ሽቅብ የምታነሳው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ከመግጠሜ በፊት አልጋውን፣ ራሶቹ የሚቀመጡበትን፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ። ይህ ግማሹን ችግር ፈታ። ግማሹ ቀረ።

ቀሪውን ያገኘሁት አንድ ማታ በማጉያ መነጽር ነው። ከመብሳቴ በፊት መሃሉ ላይ በመቅረጫ፣ በቶርኖዋ ስለት፣ ጫፍ ትንሽ ጉድጓድ እቆፍራለሁ፤ ፑንታው እንዲያርፍባት። በባዶ ዓይን ስታዩዋት ያማረች ናት። በማጉያ ስመለከታት ግን ከሥሯ እምብርቷ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለች ጉብታ ቆማለች። የመቅረጫው ጫፍ ከትክክለኛው መሃል በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ስለቆመ መሃሏን ሳይነካት ዙሪያዋን ነው የበላው። ፑንታው ወርዶ እሷን ሲያገኝ ይገፈተራል፤ በሆነ ጎን ይወድቃል። በጀመረበት ጎን ይቀጥላል። ቀጭን ፑንታ አንዴ ከሳተ ተመልሶ አይቃናም፤ እየታጠፈ ነው የሚሄደው።

እና መድኃኒቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? መፋቂያ። የወይራ መፋቂያ።

የአንዱን ጫፍ እንደ እርሳስ አሾልኩት። ቶርኖዋን በቀስታ አስነስቼ ሹሉን ጫፍ ጉድጓዷ ውስጥ አሳረፍኩ። ወገቡን የመቅረጫው ማስደገፊያ ላይ አስተኛሁት። ከጉድጓዷ እስከ ማስደገፊያው 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ መፋቂያው ጭራ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጉድጓዷ መሃል ላይ ካልሆነች ጭራው ይወዛወዛል። የፀጉር ውፍረት ያህል ስህተት ጭራው ላይ አሥር እጥፍ ሆኖ ይታያል። የኔው እንደ ውሻ ጭራ ነበር የሚወዛወዘው። የሰዓት ሠሪዎች የቆየ ዘዴ ነው፤ እነሱ ለዚሁ ብለው የሚገዙት ቀጭን እንጨት አላቸው። ወይራ ምኑ ይከፋል? ጠንካራ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ጠዋት ከአፌ የማወጣው ነው።

አሁን ጉድጓዷን የምቆፍረው እንዲህ ነው። መቅረጫውን ከመሃሉ ከፍታ ጋር አስተካክላለሁ። በጣም ቀላል እጅ እሰጠዋለሁ። ኪንታሮቷ ካለች ጫፉን በፀጉር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ አድርጌ እሷን ብቻ እቆርጣለሁ። ከዚያ ማጉያ፣ ከዚያ መፋቂያ። ጭራው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ፑንታ አላነሳም። መሰርሰሩ ራሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህ ግን አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይወስዳል።

አያያዙንም ቀየርኩት። ኮሌቱ ውስጥ አጠር ያለ የነሐስ ዘንግ አሠርኩ። ፊቱን አስተካክዬ፣ በመሃሉ 1.5 ሚሊ ቀዳዳ ሰርስሬ፣ አፉን ለዶቃው እንደ ስኒ ጎደጎድኩት። ትልቁ ነገር ይህን ሁሉ ሠርቶ ዘንጉን ከቦታው አለማውጣት ነው። እዚያው የተቆረጠ ነገር ከቶርኖዋ ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። አውጥታችሁ ከመለሳችሁት ግን አደራ፣ እንደ አዲስ ቁረጡት። ከዚያ ነሐሱን በኩራዝ አሙቄ ጎማላካ ቀባሁት፤ አናጢዎች ዕቃ የሚያስወለውሉበትን ማለቴ ነው። ዶቃውን ስኒው ላይ አስቀምጬ ሳይደርቅ ቶርኖዋን በዝግታ አዞርኩ። መፋቂያውን ከጎን ጠጋ ሳደርገው ዶቃው እየተገፋ እየተገፋ ራሱ መሃል ገባ። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ሆነ። ደብረ ማርቆስ ብርዱ ለዚህ ጥሩ ነው፤ መጠበቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ግን ጎማላካው ከቅዝቃዜው የተነሳ ሲነካ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ፀሐይ ወጣ እስክትል ሌላ ሥራ እሠራለሁ።

ዶቃውን ማላቀቅ በሙቀት ነው። የተረፈው ጎማላካ በአልኮል ይሟሟል። አንድ ጓደኛዬ "የዳጉሳ አረቄ እያለ?" ብሎ አንድ መለኪያ ሠዋልን። አልሠራም። አረቄ ግማሹ ውሃ ነው፤ ጎማላካው ነጭ ሆኖ ላስቲክ መሰለ እንጂ አልለቀቀም። የተረፈውን ጓደኛዬ እንዳይባክን አደረገ።

ስለ መሰርሰሩ ብዙ አልልም። አጎቴ "ቀስ አድርገህ አዙረው" ይሉኝ ነበር። እዚህ ላይ አልተስማማንም። 1 ሚሊ ፑንታ በደቂቃ 3,000 ዙር እንኳ ብትሰጡት ዳሩ በደቂቃ የሚቆርጠው 9 ሜትር ያህል ነው፤ ለብር ይህ ቀርፋፋ ነው። ቶርኖዋ ትፍጠን፣ እጅ ነው ቀስ ማለት ያለበት። 1 ሚሊ በገባ ቁጥር ፑንታውን ሙሉ በሙሉ አወጣለሁ። ብር ይጣበቃል፤ የፑንታው ጎድጎድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀርና ያንቀዋል። በብሩሽ ጠርጌ ጧፍ አስነካዋለሁ። አዎ፣ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ። ሰሙ ፑንታውን ያለሰልሰዋል፤ ዘይት ደግሞ ጎማላካው ላይ እየፈሰሰ ያስቸግራል። ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከሰማሁ አቆማለሁ። ሊወጣ ሲል እጄን አላላለሁ። ነሐሱን አስቀድሜ የበሳሁት ለዚህ ነው፤ ፑንታው ወጥቶ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ያገኛል።

በዚሁ መሃል አንድ አባ የአንገት መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ማንጠልጠያው የሚተጣጠፍበት ቱቦ ተበልቷል። አዲስ ቱቦ ያስፈልጋል፦ ውጩ 2.5 ሚሊ፣ ቀዳዳው 1 ሚሊ፣ ርዝመቱ 9 ሚሊ። በዶቃዎቹ ደፋር ሆኜ ስለነበር ውጩን አሳምሬ 2.5 አድርጌ ቆረጥኩና መሰርሰር ጀመርኩ። 9 ሚሊ ለ1 ሚሊ ፑንታ ረጅም መንገድ ነው። ሲወጣ በአንዱ በኩል ግድግዳው ወረቀት ሆኗል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ይዤ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቀዳዳው መሃሉን እንዲከተል መለመኔን ትቼ ለምን ውጩ ቀዳዳውን እንዲከተል አላደርግም? ወፈር ያለ 4 ሚሊ ዘንግ ወስጄ መጀመሪያ በሳሁት። ቀዳዳው የፈለገበት ይሂድ። ከዚያ ሾጠጥ ያለ የብረት መርፌ ላይ ጠበቅ አድርጌ ሰካሁትና መርፌውን ይዤ ውጩን በቀዳዳው ዙሪያ ቆረጥኩት። ግድግዳው ዙሪያውን እኩል ወጣ። ይህን ከሁሉ ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ለማንም ሰው አንድ ሙክት እሰጠው ነበር።

ቱቦውን አበየድኩት። ከዚያ ችኮላ መጣ። ቀዳዳውን ለማጽዳት ፑንታውን በእጅ ብዬ ስጠመዝዘው ቀጭ! ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። የአባ መስቀል ውስጥ። ላብ ነው ያጠመቀኝ።

ያዳነኝ አሉም ነው፤ ያ ውሃ ለማጥራት የሚጨመረው፣ ፀጉር ቤትም ከተላጩ በኋላ ፊት የሚያሹበት ነጭ ድንጋይ። የሞቀ የአሉም ውሃ ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ብሩን አይነካውም። በሸክላ ስኒ በጠበጥኩት። የብረት ድስት እንዳትሞክሩ፤ ድስቱን ነው የሚበላው። ከመስቀሉ ላይ ሌላ የብረት ቁራጭ ካለም አስቀድማችሁ አውጡ። ምድጃ ዳር አስቀምጬ ስኒው በጎደለ ቁጥር እየሞላሁ አደርኩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ከፍ ስለሚል ውሃው 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ምናልባት ለዚህም ይሆናል የዘገየው። ከፑንታው ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ እያየሁ ነው ያመሸሁት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ በመርፌ ነካ ሳደርገው ጥቁር ጭቃ ሆኖ ወጣ። አባ መጥተው መስቀላቸውን ወዲያ ወዲህ አጣጥፈው አዩትና "ታዲያ ይህን ያህል ምን አቆየው?" አሉኝ። "ምንም አይደል አባ፣ ይባርኩኝ" አልኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ በጋቢ ቶርኖ አትሥሩ። ብርድ ነው ብዬ ደርቤ ስሠራ ጫፉ ቺንጋው ውስጥ ገብቶ ከትከሻዬ ላይ ጠቅልሎ ወሰደው። እግሬ ፔዳሉን ባይለቅ ኖሮ አንገቴም ይከተል ነበር። አጎቴ ሳቁ። ከዚያ መሳቃቸውን አቁመው ጋቢውን ወስደው ጓዳ ሰቀሉት።

የአማኑኤሏ እናት በቀጠሮው ቀን መጡ። ዶቃዎቹን በትሪ አቀረብኩላቸው። ሳይናገሩ ክር አወጡና እዚያው ይሰኩ ጀመር። ሰክተው ሲጨርሱ ክሩን በሁለት እጃቸው ወጥረው እያንዳንዷን ዶቃ በአውራ ጣታቸው አሽከረከሯት። እኔ በማጉያና በመፋቂያ የምለፋበትን እሳቸው በክር ጨረሱት። መሃሏ የተበሳች ዶቃ ዝም ብላ ትዞራለች። ሠላሳ ስምንተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደገሟት።

"ይቺ ትንሽ ታነክሳለች" አሉ።

ተቀብዬ አየኋት። እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮዋ ውስጥ ጣልኳትና መብራት ሳይሄድብን ሌላ ልበሳላቸው ኩራዙን ለኮስኩ።