ሌሊት የሚከነክነንን ቀን ላይ ማውጣት

በማስታገሻ ሕክምና ክፍል፣ ማለትም በጽኑ የታመመን ሰው ሥቃይ በሚያቀልል ክፍል፣ የሚሠራ ሰው ሞትን ባይለምደውም ይጠብቀዋል። የሚሰብረው ሌላ ነው፦ ለታካሚው የሚበጀውን እያወቁ እጅ አጣጥፎ መቆም። አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሩ ጄምተን እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሲንግ ሥነ ምግባር ሲጽፍ ይህንኑ የሕሊና ጭንቀት ለይቶ አስቀምጦት ነበር።

የክፍሉ አስተባባሪ ስሆን ቀድሞ የተሞከረው የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና ነበር። ጥልቅ ትንፋሽ መውሰድ ክፋት የለውም፤ ያልታዘዘ የሕመም መድኃኒት ግን በትንፋሽ አይመጣም። ስለዚህ ተረኛ ሲቀያየር፣ ገቢውም ወጪውም ባለበት፣ ስለ አንድ ታካሚ ብቻ የምንነጋገርበት ሰዓት ጀመርን። መጀመሪያ የሚናገረው በማዕረግ ትንሹ ነው፤ ሐኪሙ መጨረሻ። ሐኪሙ ከቀደመ ሌላው ራሱን ከመነቅነቅ አያልፍም። እዚያ የተነገረ ነገር ደግሞ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሞርፊን የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጉዳይ ወጣ። አንዲት ወጣት ነርስ «መርፌውን ከሰጠኋቸው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የገደልኳቸው እኔ እሆን?» አለች። «አይዞሽ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን ካርዱን አስመጣን። መጠኑን፣ የተሰጠበትን ሰዓት፣ ከመርፌው በፊትና በኋላ የተመዘገበውን አተነፋፈስ መስመር በመስመር አነበብን። ሞርፊን ለሕመሙ ልክ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም፤ የሷም ካርድ የሚያሳየው ይህንኑ ነበር። ሊያርፍ ለተቃረበ ሰው የመጨረሻውን መርፌ አንድ ሰው መስጠቱ አይቀርም፤ ተራው የሷ ሆነ እንጂ ሞቱ ከሷ እጅ አልመጣም።

ከዚህ የተማርኩት ከማጽናናት በፊት መለየትን ነው። አንዳንዱ ጭንቀት በዕውቀት ይፈታል፤ የሞርፊኑ እንዲያ ነበር። አንዳንዱ የአሠራር ችግር ነው። ሌሊት ሕመም ሲነሳ ነርሷ ሐኪም ፍለጋ ስትደውል ታካሚው ይቃትታል። ይህን ጽፈን ለኃላፊዎች አቀረብን፤ የቀኑ ሐኪም ለሌሊቱ ተጨማሪ መጠን ሳያዝ እንዳይወጣ ተወሰነ። ማንኛውም ምክር የዚያን ያህል አላሳረፈንም።

የቀረው እውነተኛ አጣብቂኝ ነው። «ለእናቴ እንዳትነግሯት» የሚል ልጅ ሲመጣ ተሟግቶ ማሸነፍ አይደለም መፍትሔው። ልጁ የፈራውን ከሰማን በኋላ እናቲቱን እንጠይቃለን፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ከእርስዎ ጋር እንነጋገር ወይስ ከልጅዎ ጋር?» መልሱ የሳቸው ስለሆነ ነርሷ ከመዋሸት ትድናለች።

ያልተስማማንበትም አለ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ሰውነት ምግቡን መጠቀም ያቆማል፤ ፈሳሹም ሳንባና እግር ላይ ሊጠራቀም ይችላል። ይህን እያወቀች አንዲት ባልደረባችን በቱቦ የሚሰጠውን ምግብ ማቆም ሕሊናዋ እምቢ አላት። ሐሳቧን አልቀየረችም፤ እኛም አልገፋናትም። ታካሚውን ሌላ ነርስ ያዘላት። በክፍሉ አሠራር ውስጥም በሕሊና ምክንያት ምደባ መቀየር እንደሚቻል፣ ተተኪ ሳይገኝ ግን ታካሚ እንደማይለቀቅ የሚል መስመር ጨመርን።