ከቱሉ ዲምቱ፣ ባሕር ላይ ላላችሁትና መርከብ ለምትጠብቁት

እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ መስከረም 1ን ቤቴ ዋልኩ። ጠዋት በር ተንኳኳና ስከፍት የጎረቤት ሴቶች ልጆች አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አደይና ለምለም ሣር ይዘው ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። መጨፈር ጀመሩ። እኔ በሩን እንደያዝኩ ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ናት ከኋላ መጥታ ብር የሰጠቻቸው።

ከብሎካችን ጀርባ ያለው ሜዳ አደይ በአደይ ሆኗል። በፊት ለፊት በኩል ደግሞ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ አለ። በዓል ነው ብለው የማይቆሙ ኮንቴነር የጫኑ መኪኖች ከሞጆ በኩል እየመጡ ወደ ቃሊቲ ያልፋሉ። በረንዳ ላይ ቡናዬን ይዤ የኮንቴነር ቁጥር ማንበብ ልማዴ ነው። አራት ፊደል፣ ሰባት ቁጥር። ያ ሳጥን ጅቡቲ ከመራገፉ በፊት ባሕር ዳር ለባሕረኝነት ከሠለጠንነው ልጆች አንዱ ታች በመርከቡ ኢንጂን ሩም ውስጥ ሞተሩን ሲጠብቅ አድሮ ይሆናል። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብዬ፣ ወደብ በሌለው አገር ተቀምጬ፣ ያለፈ ሳጥን ሁሉ እናንተን ያስታውሰኛል።

ዓምና በዚህ ቀን በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል እየዞርን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መመታት ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች የስዊዝ ቦይን ትተው አፍሪካን መዞር ጀምረው ነበር፤ ታውቁታላችሁ፣ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ዋች (የሞተር ጥበቃ ተራ) ልረከብ ወረድኩ። አብሮኝ ለነበረው ፊሊፒናዊ ኦይለር (የሞተር ክፍል ረዳት) «ዛሬ የእኛ አገር አዲስ ዓመት ነው» አልኩት። በመስከረም? ብሎ ሳቀ። ከዚያ ምን እንደምናደርግ ጠየቀኝ፤ ስለ ቢጫው አበባ ነገርኩት። ሌላ ነገር አላወራንም፣ ማጣሪያው፣ ፒዩሪፋየሩ፣ ሲያስቸግረን ነው ያደርነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዋች ልናስረክብ ስንል አንድ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በብየዳ ዘንግ ላይ ቢጫ የኤሌክትሪክ ቴፕ ጠምጥሞ አበባ ሠርቷል። አምስት ቅጠል አለው፣ አንዱ ትንሽ ተጣሟል። አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል፤ ዛሬ ከእውነተኛው አደይ ጋር አንድ ብርጭቆ ውስጥ አደረግነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ቀድሞ ተማሪዎች ግሩፓችን ለመጻፍ ብዬ ነው። ባሕር ዳር የባሕረኞች ማሠልጠኛ ስንገባ ሁላችንም ከኢንጂነሪንግ ተመርቀን ነው የመጣነው፣ መካኒካልም ኤሌክትሪካልም፣ ግማሾቻችን ግን ከጣና ሌላ ሰፊ ውኃ አይተን አናውቅም ነበር። ሥልጠናው አለቀ። የመርከብ ሥራ መጠበቅ ተጀመረ። መጠበቁን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ «መርከበኛ አይደለህም እንዴ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» ይላችኋል።

አንድ ማታ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ከእኔ በሦስት ባች የሚቀድም ልጅ ነው፣ በአካል አይቼው አላውቅም። ሰላምታም ሳያበዛ «ኢንክሎዝድ ስፔስ (አየር በደንብ የማይገባበት ዝግ ቦታ) ከመግባትህ በፊት ኦክስጅኑ ስንት መሆን አለበት?» አለኝ። 21 በመቶ አልኩ። «እሺ፣ በሩ ላይ ማን ይቆማል?» ዝም አልኩ። «እሱን ሳታውቅ አትገባም» አለኝ። ከዚያ ስለ ሞተር አደጋዎች፣ ስለ ክራንክኬዝ ፍንዳታ፣ ስለ ስካቬንጅ እሳት፣ አንድ በአንድ። ለሁለት ሳምንት በየማታው ደወለ። ሥራ አላስገባኝም፣ ኢንተርቪው ላይ ግን የተጠየቅኩትን ሁሉ ከእሱ ጋር አውርቼዋለሁ። ለእኔ የቀድሞ ተማሪ ማለት ያ ልጅ ነው።

ባለፈው ክረምት ደግሞ አንድ ታናሻችን ቤተሰቡ የተበደረውን ብር ለደላላ ሰጥቶ ደላላው ስልኩን ዘጋ። እባካችሁ፣ እባካችሁ ይህን ለሚጠብቁት ሁሉ ንገሩልኝ፦ ኤምኤልሲ የምንለው እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ሥራ ስምምነት ባሕረኛ ለመቀጠር ገንዘብ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ከኪሳችሁ የምታወጡት ለሕክምና ሰርተፊኬት፣ ለሲማን ቡክ (የባሕረኛ ደብተር) እና ለፓስፖርት ብቻ ነው። ቪዛው እንኳ የመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው። አስከፍለን እናሳፍራችኋለን የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ጠይቁ። ማንም አይስቅባችሁም።

የብስ ላይ ሥራ ይዛችሁ የቀራችሁትም የባሕረኛ ብቃት ሰርተፊኬታችሁን አትርሱት። አምስት ዓመት ቶሎ ይሞላል። ለማደስ በአምስቱ ዓመት ውስጥ 12 ወር፣ አለዚያም በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ 3 ወር የባሕር አገልግሎት ይፈለጋል።

ከሁሉ በላይ ግን በ2013 መጀመሪያ የሆነውን አልረሳም። ኮሮና ነበር፣ ወደቦች ዝግ ነበሩ፣ ኮንትራታቸው አልቆ መውረድ ያልቻሉ ባሕረኞች በዓለም 400,000 ገደማ ደርሰው ነበር። አንዱ የባቻችን ልጅ ነበር። አባቱ አረፉ። እሱ መልሕቅ ጥሎ በቆመ መርከብ ላይ፣ መሬት እየታየው፣ መውረድ አልቻለም። አምስታችን ማስክ አድርገን ሰበታ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ታላቅ አጎቱ «የማን ልጆች ናችሁ?» አሉን። ወንድሞቹ ነን አልናቸው። እስከ ሠልስቱ አልተለየንም፤ ወንበር አነሳን፣ ውኃ ቀዳን፣ እንግዳ አስተናገድን። በሦስተኛው ቀን መስመር አገኘና ደወለ። ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ ያዝኩላቸው። እየተቆራረጠ ነው፣ እሱ ያለቅሳል፣ እሳቸው ደግሞ «ልጆቹ እዚህ ናቸው፣ ልጆቹ እዚህ ናቸው» ብቻ ይሉታል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ከእናንተ የምፈልገው ይኸው ነው። አገር ቤት ያላችሁ፣ ባሕር ላይ ካለ አንድ ልጅ ቤት ሂዱና እናቱን እንኳን አደረሰዎ በሉ። ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከሚጠብቁት ውስጥ አንዱን መርጣችሁ ደውሉለት።

በመጪው እሑድ ደግሞ እኛ ቤት ነን። ዶሮው አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ቡና ግን አለ። ከቢሾፍቱ፣ ከባቦጋያ የባሕረኞች አካዳሚ የወጣችሁም ኑ፣ ቅርብ ናችሁ። ጀማሪ ካዴቶች የኢንተርቪው ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ያዙ። ከቃሊቲ የቱሉ ዲምቱን ታክሲ ያዙና አደባባዩ ላይ ስትወርዱ ደውሉልኝ፣ ወጥቼ እቀበላችኋለሁ።