ደብተራቸውን መልሰው የሄዱት

ባለፈው ዓመት እዚህ ድሬዳዋ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላቱ ለምን እየቀነሱ እንደሄዱ እንዳጠናለት ጠየቀኝ። ማኅበሩ ከዚያ በፊት በራሱ አቅም ጥናት አካሂዶ ነበር፤ ወደ ቢሮው ለሚመጡ አባላት መጠይቅ አድሎ መልሱን ሲደምር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአገልግሎቱ መርካታቸውን ገልጸዋል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቶ «ሁሉም ከረካ ታዲያ የሚሄደው ማነው?» አለኝ። በብስጭት የተናገረው ቢሆንም መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነበረ፤ መጠይቁን የሞሉት ያልሄዱት ብቻ ናቸው።

ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ለዚህ ስሕተት የሚያነሣው አንድ ምሳሌ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ጥናት ቡድን ውስጥ ይሠራ የነበረው አብርሃም ዋልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 በጻፋቸው ማስታወሻዎች፣ ከውጊያ በተመለሱ አውሮፕላኖች ላይ ከሚታየው የጥይት ምልክት ተነሥቶ የትኛው ክፍላቸው ለጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጥ የሚሰላበትን ዘዴ አስቀምጧል። የሚቆጠሩት የተመለሱት ብቻ ስለሆኑ፣ በእነርሱ ላይ ቀዳዳ የማይበዛበት ቦታ ምናልባት የተመታ አውሮፕላን የማይመለስበት ቦታ ነው። (ዋልድ የተወለደው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰበት ዓመት መሆኑ ነው። የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1950 ሕንድ ውስጥ፣ በአውሮፕላን አደጋ።)

እኔም የለቀቁትን መዝገብ አስወጣሁ። «የለቀቀበት ምክንያት» በሚለው ዓምድ የመጀመሪያው መስመር ላይ «በግል ጉዳይ» ተጽፏል፤ ከዚያ በታች እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ ከላይ እንዳለው ለማለት የተሰመሩ ጥንድ ጭረቶች ብቻ ናቸው። መዝጋቢዋን ብጠይቃት «አንተ ደግሞ! ሰው ተሰልፎ እየጠበቀኝ የእያንዳንዱን ታሪክ ልጽፍልህ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዓምዱን ከፍቶ ያነበበ አለቃ ኖሮ አያውቅም።

ስለዚህ ስልክ መደወል ጀመርን። መጀመሪያ ላይ የተዘጋጀውን ጽሑፍ «እርስዎ» እያልሁ ሳነብ፣ ከፊራ ገበያ የምትነግድ አንዲት ሴት «ከፍርድ ቤት ነህ እንዴ?» ብላ ዘጋችብኝ። አንቱታ ድሬ ላይ ሰውን ያስደነግጣል እንጂ አያቀርብም። ወረቀቱን ትቼ «አንቺ» እያልሁ ሳወራ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ደግሞ ባልደረባዬ ስትጠይቅልኝ፣ በመጠይቁ ላይ ሽታው ያልነበረ ነገር መጣ። ገበያተኛዋ ሸጣ ስትጨርስ ቢሮው ተዘግቷል፤ ጠዋት ትምጣ ከተባለ ደግሞ መደቧን ለማን ትታ ትመጣለች?

ወሬ ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን የሰዎቹን የቁጠባ ሒሳብ አንድ በአንድ አገላበጥሁ። ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ይህ ነው፦ አብዛኛው ሰው የሄደው ደብተሩን በመለሰበት ቀን አልነበረም። በየሳምንቱ ታስገባ የነበረችው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከዚያም በወር አንድ ጊዜ እያለች ቆይታ ነው መልቀቂያ የሞላችው። ማኅበሩ በአንድ ቀን የተቀመጠውን የገንዘብ ድምር በጥንቃቄ ሲይዝ ኖሯል፤ በሁለት ገቢዎች መካከል ያለፈውን ጊዜ ግን አስልቶት አያውቅም፣ ቀኖቹ ሁሉ በእጁ እያሉ።

ኮሚቴው በሳቢያን ቅርንጫፍ ብቻ የማታ አገልግሎት ለሙከራ እንዲጀመር ተስማማ፤ የከዚራው እንደነበረ ቀጠለ። በሦስተኛው ወር የሳቢያን ገቢ ከፍ ሲል ሥራ አስኪያጁ ሊያጨበጭብ ነበር፤ ነገር ግን አረፋ እየቀረበ ስለነበር በከዚራም ገቢው ጨምሯል። የማታው ሰዓት ውጤት ሊባል የሚችለው የሁለቱ ጭማሪ ልዩነት ብቻ ነው፤ እርሱም ካሰብነው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም የማታ ሠራተኛ ደመወዝ የሚሸፍን በመሆኑ ሰዓቱ ጸንቷል።

የመዝገቡ ዓምድም ተቀይሮ፣ መዝጋቢዋ የሰማችውን በአጭሩ እንድትጽፍ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጣት። ባለፈው ሳምንት ጎራ ብዬ ስመለከት የመጨረሻው መስመር «ሱቋን ሸጣ ጅቡቲ ልጇ ዘንድ ሄደች» ይላል። ይህችን የማታ ሰዓት አይመልሳትም፤ በሚቀጥለው ቆጠራ ለብቻዋ መመደብ አለባት።