ቤንዚንን ከማተሚያ ክፍላችን ያስወጣንበት መንገድ

ማተሚያ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ላያምን ይችላል። የኦፍሴት ማተሚያ ማሽን ሮለር፣ ማለትም ቀለሙን እየተሽከረከረ የሚያደርሰው ጥቅል፣ ብዙ ቦታ የሚታጠበው በቤንዚን ነው፤ መኪና በሚነዳበት ቤንዚን። ቀለም በተቀየረ ቁጥር ረዳቱ ጨርቅ ነክሮ ያሻል። ማታ እጁንም የሚታጠበው በዚያው ነው። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የኅትመት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ቤንዚኑን እንዴት እንዳስወጣን የምጽፈው ሌላ ማተሚያ ቤት ያለ ሰው እንዲጠቀምበት ብዬ ነው።

ቤንዚን የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቶሎ ያጸዳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ የትም ይገኛል። ግን ቶሎ የሚደርቀው ተንኖ አየር ውስጥ ስለሚገባ ነው፤ ያንን አየር የምንስበው ደግሞ እኛው ነን። በውስጡ ቤንዝን የሚባል፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ንጥረ ነገር አለ። ራስ ምታቱና ማዞሩማ የየቀኑ ነው።

የጀመርኩት ከሃይላንዶቹ ነው። ማሽኑ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ቤንዚኑም፣ ቲነሩም፣ አልኮሉም ባዶ የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ውሃ ይመስላል። ጥም የያዘው ልጅ አንዱን አንስቶ ቢጎነጭስ? እናም የመጀመሪያው ደንባችን ይህ ሆነ፦ መጠጥ በነበረበት ዕቃ ምንም ኬሚካል አይቀዳም፤ ማንኛውም ዕቃ ላይ የኬሚካሉ ስምና አደጋው በአማርኛ ይጻፋል። ቀጥሎ አንድ ደብተር ከፈትኩ። ምን እንደምንጠቀም፣ ከማን እንደገዛነው፣ በወር ስንት ሊትር እንደሚያልቅ መዘገብኩ። ከአቅራቢዎቹም የደኅንነት መረጃ ወረቀት ጠየቅኩ። ይህ ወረቀት 16 ክፍሎች አሉት። ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ ሦስቱን ያንብብ፤ 2ኛው አደጋውን፣ 8ኛው መከላከያውን፣ 9ኛው በስንት ዲግሪ ሙቀት የሚቀጣጠል ትነት እንደሚያወጣ ይነግረዋል። መርካቶ ከበርሜል እየቀዱ የሚሸጡት ወረቀት የላቸውም። ወረቀት የሌለውን መግዛት አቆምን።

ከሁሉ የከበደኝ የወተቱ ነገር ነበር። እኛ አገር ቀለም ቀቢውም፣ አታሚውም፣ ጋራዥ ያለውም ወተት ከጠጣ ጭሱና ሽታው የሚወጣለት ይመስለዋል። አሠሪውም ወተት አቅርቦ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ትነት ግን መንገዱ ሌላ ነው። በሳንባ ገብቶ በቀጥታ ወደ ደም ያልፋል፤ ወተት ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚይዘው ነገር የለም። ይህንን ለልጆቹ ስነግራቸው ወተቱን ላስቀር የመጣሁ መሰላቸው። አይቀርም አልኳቸው፤ ምግብ ነውና ጠጡት፣ ግን መድኃኒታችሁ ነው ብላችሁ ቤንዚኑን አትታገሡ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈው ማስክም እንደዚያው ነው፤ ትነት አያቆምም። ትነት የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው፤ እሱም በየጊዜው ካልተቀየረ ዋጋ የለውም።

ባለቤቱን ያሳመንኩት በሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሥራው በሠራተኛው ጤና ላይ ኬሚካላዊ አደጋ እንዳያስከትል የመጠንቀቅ፣ ስለ አደጋው የማስረዳትና መከላከያ የማቅረብ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጹን አትሜ ሰጠሁት። «የተከለከለ ዕቃ አይደለም፣ ታዲያ ምን አደረግኩ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ጃፓን ውስጥ ከደረሰ ነገር አግኝቼው ነበር። ኦሳካ ከተማ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት አየር በማይገባበት ክፍል ቀለም በማጽጃ ሲያጥቡ የኖሩ 17 ሠራተኞች የሐሞት ቱቦ ካንሰር ያዛቸው። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ጉዳዩ በአደባባይ የወጣው በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ማጽጃው ውስጥ የነበረው ዳይክሎሮፕሮፔን ያኔ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበው ሰዎቹ ከታመሙ በኋላ፣ በ2014 ነው። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ከዚያ «የሚተካው ምንድነው?» አለ።

የሚተካው አለ። ዴንማርክና ጀርመን ያሉ አታሚዎች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአትክልት ዘይት ሲያጥቡ ቆይተዋል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። እኛ ቀን ቀን ከ60 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ የማይቀጣጠል የሮለር ማጽጃ፣ ማታ ደግሞ ዘይት መጠቀም ጀመርን። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ኦፕሬተር «ልጄ፣ ዘይት ሮለሩን ያንሸራትተዋል፤ ነገ ቀለም አይይዝልህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዘይቱ በሳሙና ውሃ በደንብ ካልተጠረገ ጠዋት ኅትመቱ ይበላሻል። የመጥረጊያውን ቅደም ተከተል ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ አዲስ ረዳት የሚያሠለጥኑትም እሳቸው ናቸው። ጊዜ ይወስዳል፣ አልክድም። ዘይቱም ውድ ነው፤ ግን ስለማይተን ትንሹ ብዙ ይሠራል።

ዘይት የራሱ አደጋ አለው። ዘይት የነካው ጨርቅ ተቆልሎ ካደረ ከውስጥ ይሞቃል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ክዳን ባለው የብረት በርሜል እናስቀምጣለን፣ ማታ ማታም ከክፍሉ እናወጣለን።

አየር ማውጫው ፋን ጣሪያ ሥር ነበር። የነዚህ ፈሳሾች ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ፋኑን ወደ ታች አወረድነው፤ ያወረድነው ግን ቤንዚኑ ከወጣ በኋላ ነው። የቤንዚን ትነት ባለበት ክፍል ተራ ፋን ወለል አጠገብ መትከል እሳት መጥራት ነው፤ ሞተሩ ብልጭ ይላል።

አሁን የቀረን ማሽኑ ለኅትመት በሚጠቀመው ውሃ ውስጥ የምንጨምረው አልኮል ነው። መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስን እየሞከርን ነው። አዋጁ አደገኛ ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች የሚያዘው፣ በአሠሪ ወጪ የሚደረገው የጤና ምርመራም ገና አልተጀመረም። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀመጥኩት ቤንዚን ሲያሹ የኖሩትን ረዳቶች ነው።