ከመኪናዬ አፍንጫ የቆረጥሁት ገመድ

አብሮ አደጌ ባለፈው ሳምንት ከደሴ ደውሎ፣ «እንዲያው እዚያ በረዶ አገር መኪናህ ዳገት ትወጣለች? የእኛማ ጉሙ ከጦሳ የወረደ ቀን እየሳለች ነው የምትነሣ» አለኝ። «አብሽር፣ ብርድ ለቱርቦ ጉልበት ነው» ብዬ መለስሁለት። መልሴ እውነት ቢሆንም ሙሉ አልነበረም፤ ያስቀረሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ዘይት እየነካሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚገባ ሾፌር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጭነት ይዞ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በደሴ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነውና። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ያንን ስስ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። እዚህ ካናዳ፣ ኤድመንተን ግን በበረዶው ወራት አየሩ ራሱ ታምቆ ይጠብቃል፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የደረሰ አየር፣ ግፊቱ እኩል ሆኖ፣ 25 ዲግሪ ሙቀት ካለው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይከብዳል። ኦክስጅኑ ሲበዛ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ ስለሚጨምር፣ መኪናዬ በመጀመሪያው ውርጭ እንደ ወረሂመኖ ፈረስ ትሸመጥጥ ነበር። ቱርቦው የሚገፋውን አየር ግፊት የሚያሳየው መለኪያ ግን ከቀድሞው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ለካ ግፊቱ ከልኩ እንዳያልፍ የቱርቦው ማስተንፈሻ በር ይከፈታል፤ የሚጨምረው የአየሩ ክብደት እንጂ ቁጥሩ አይደለም። እኔ መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ስፈታታው ከረምሁ።

መኪናዋን ስገዛ ከፊት ለፊቷ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለው አጭር ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። የቤንዚን መኪና ከግድግዳ መብራት ይጠጣል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? የሰነፍ ሠራተኛ ትርፍ ሽቦ መሰለኝና በፒንሳ ቆርጬ ጣልሁት።

ጥር ላይ ከዜሮ በታች 32 ዲግሪ በሆነ ማለዳ፣ ዘይቱ እንደ ማር ረግቶ፣ ባትሪውም ደክሞ፣ ሞተሩ በብዙ ልመና ተነሣ። ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር ሳላሟቅ መንገድ ገብቼ ነዳጁን ረገጥሁ። ሲሠራ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረው የቱርቦ ዘንግ ያለ ዘይት እንደማይኖር ለስንት ተለማማጅ ያስተማርሁ እኔ ነበርሁ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው፣ ብርድ ያደረቀው ቱቦ «ፏ» ብሎ ተነቀለ፤ መለኪያው ዜሮ ላይ ተኛ፤ መኪናዋም እንደ ታመመች በቅሎ እያዘገመች ወደ ቤት መለሰችኝ። ደሴ ቢሆን ገና ሳልጠራቸው አምስት ጎረምሶች ይገፉኝ ነበር፣ ሃያ ሰው ደግሞ ቆሞ ይመክረኝ ነበር። እዚህ የሚመክርም የሚገፋም አልነበረም።

ኮፈኑን ከፍቼ ስንቀጠቀጥ እናቴን የምታክል ጎረቤቴ መጣች። እርሷ በዚህ ብርድ ማታ ማታ መኪናዋን እንደ ላም ከግድግዳው አስራ ታሳድራለች። የተቆረጠውን ጫፍ አይታ፣ «ወይኔ! የሞተር ማሞቂያህን ገመድ ማን ቆረጠው?» አለችኝ። የሃያ ዓመት ሙያዬ በአፌ ላይ ደረቀ። «ሌባ ሳይሆን አይቀርም» አልሁ።

ለመምጣት የምታስቡ ሾፌሮችና መካኒኮች፣ ሙያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ያበላችኋል፤ ፒንሳችሁን ግን የመጀመሪያው ብርድ እስኪያልፍ ከሻንጣ አታውጡት። ለብርድ የተሠራ ቀጭን ዘይት አስቀይሩ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስም፣ የቱርቦው ጉልበት ምንም ያህል ቢያጓጓችሁ፣ በዝግታ ንዱ። ገመድ ያየ ሰው ደግሞ ይጠይቅ፤ እነዚህ ሰዎች ሰላምታ ቢቆጥቡም ስለ ብርድ ሲጠየቁ ግማሽ ቀን ያወራሉ።

ጎረቤቴ በዚያው ዕለት ማታ «የገመድ ሌባ በሰፈራችን አለ፤ ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ ጽፋ በሕንፃችን በር ላይ ለጠፈች። እስከ መጋቢት አልተነሣም፤ እኔም በየማለዳው እያነበብሁት አልፍ ነበር።